የሎሪስ ጆሮ

«እስቲ ዝም በሉ!» አለ ሎሪስ። ጋራዡ ውስጥ ግን ከሞተሩ በቀር የሚናገር አልነበረም።

የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ የእንጨት እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ጋር አጣብቆ ጎንበስ ብሏል። የድሮ መካኒክ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ድምፁ በብረቱ በኩል መጥቶ አጥንት ውስጥ ይገባል። ልጁን ኦታቪያን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው። አባቷ ድሮ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ የሚያደርገው ነገሩ በጣም ሲከብደው፣ በወር አንዴ ቢሆን ነው። ዘንድሮ ከእጁ አልወጣ ብሏል።

መኪናዋ የደንበኛቸው የሲኞራ ኢኔስ ናት። ሲኞራ ኢኔስ በማግስቱ ተራራውን አቋርጠው እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ «እንደ ድመት ታለቅስብኛለች» ብለው ነው ያመጧት።

«ምንም የለባትም፤» አለ ሎሪስ ቀና ብሎ። «ቺንጊያው ደርቆ ነው። ይሂዱ፣ በሰላም ይግቡ።»

ኦታቪያ የጎማ መፍቻውን እንደያዘች ክው አለች። እሷ የሰማችው የቺንጊያ፣ የላስቲክ ቀበቶ ድምፅ አይደለም። ቀጭን፣ የሚያላዝን ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አሸዋ የሚያኝክ ነገር አለበት። የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ አልቋል። እኚህ ሴትዮ በዚህ ሁኔታ ተራራ ከወጡ፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ሞተሩ ይቃጠልባቸዋል።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል? በዚህች የጣሊያን መንደር፣ በካስቴልራሜ፣ ሰው ወደ ሎሪስ የሚመጣው ዕቃው ተሟልቶለት አይደለም። ኮምፒውተር የገጠመ ትልቅ ጋራዥ ከመንደሩ ወጣ ብሎ አለ። የሚመጡት ለጆሮው ነው። «ሎሪስ ይስማት» ይላሉ፤ ለታመመ ሰው «ሐኪም ይየው» እንደሚባለው። ያን ጆሮ በደንበኛ ፊት «ተሳስተሃል» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

«አባዬ፣» አለች በመጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የውሃ ፖምፓውንም አስታውሺኝ ብለኸኝ አልነበር?»

እንዲህ ያለ ነገር አላላትም። ሎሪስ ለአፍታ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ፖምፓውን ያዝ አድርጎ ወዘወዘው። ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ።

«አልቋል፤» አለ እየሳቀ። «ሲኞራ ኢኔስ፣ ነገ መሄድ የለም። ከነገ ወዲያ።»

«ጆሮም በዘር ይተላለፋል ማለት ነው!» አሉ ሲኞራ ኢኔስ። ሲናገሩ እንደ ጮኹ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ይጮሃሉ። ሎሪስ ከት ብሎ ሳቀ። ኦታቪያ ግን መሳቅ አቃታት።

ኦታቪያ ነገሩን ያወቀችው አምና ነው። በካስቴልራሜ የወይን ለቀማ ሊጀመር ሲል ባለው እሑድ የጆሮ ውድድር ይደረጋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ወንበር ይደረደራል፤ ተወዳዳሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ዓይናቸውን በሻሽ ታስረው ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ስድስት መኪና አንድ በአንድ ያልፋል። የመኪናውን ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው፤ የተሠራበትን ዘመን ለጨመረ ደግሞ ተጨማሪ ነጥብ አለው። ዓይኑ የታሰረ ሰው ደህና አድርጎ ስለማይጽፍ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ያዥ ይቀመጥለታል፤ እጁን ይመራል፣ ጠመኔውን ያብሳል፣ አንዲት ቃል ግን አይተነፍስም። ለአንደኛ የሚሰጠው አንድ ሙሉ ክብ አይብ ነው። ሎሪስ ያን አይብ አሥራ አንድ ጊዜ ወስዷል። ኦታቪያም ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሰሌዳ ያዡ ነበረች።

አምና ሦስተኛዋ መኪና አለፈች፣ የሎሪስ እጅ ግን አልተንቀሳቀሰም። ኦታቪያ ጠበቀች። ከጆሮው ሥር ላብ ችፍ ሲል አየች። ልጅ ሳለች ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሞተር ምት በጣቱ ጉልበቷ ላይ እየመታ ያስተምራት ነበር፤ ይሄ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ይሄ ባለ አራት፣ ይሄ የሚያነክሰው ደግሞ የእገሌ። ሳታስበው እጇ ሄዶ የሰማችውን ምት ጉልበቱ ላይ መታችው። ሎሪስ ጻፈ። አምስተኛዋም ላይ እንደዚያው ሆነ። ሎሪስ አሸነፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አይቡም እስከ ፋሲካ ተበላ። ኦታቪያ ግን ሳይጣፍጣት ነው የበላችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አባትና ልጅ ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ሲኞራ ኢኔስ ከወጡ በኋላ የቡና ቤቱ ባለቤት ቫልተር ሥራውን ጥሎ፣ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ መጣ። ውድድሩን የሚዳኘው እሱ ነው።

«አምስት ሰው!» አለ ገና ከበሩ። «ድሮ ሃያ ሰው ለወንበር ይጋፋ ነበር። ዘንድሮ አምስት ብቻ! ደንቡ ከስድስት ካነሰ አይካሄድም ይላል፤ አንዴ ከቀረ ደግሞ ቀረ፣ ማን ዳግም ያነሳዋል? ሎሪስ፣ ይህቺ ልጅህ ለመወዳደር የሚፈቀደው አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም እንዴ?»

«ባለፈው ወር፤» አለች ኦታቪያ አባቷን ቀድማ።

«እሷ ሰሌዳ ትይዝልኛለች፤» አለ ሎሪስ ቶሎ ብሎ።

«ሰሌዳ የሚይዝማ ሞልቷል። እኔ የቸገረኝ ጆሮ ነው።» ቫልተር መዝገቡን ኮፈኑ ላይ ዘረጋና እስክሪብቶውን ወደ ኦታቪያ ዘረጋ። «ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ፈረመች። ሎሪስ ጀርባውን ሰጥቶ የጸዳውን መፍቻ ደግሞ ይወለውል ጀመር።

በዚያው ቀትር፣ በመንደሩ የውሃ ቦይ ዳር ከእኩያ ጓደኛዋ ከጃዳ ጋር ተቀምጣ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ጃዳ እግሯን ውሃ ውስጥ እያንቦጫረቀች አዳመጠቻት።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለች ጃዳ። «መኪና ያለቀለት ነገር ነው። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ላውጣ እንኳ አላለም። ባቡር አለ፣ ብስክሌት አለ። አሁን በዚህ ዘመን ለቆርቆሮ የሚንሰፈሰፈው ማን ነው? አንቺና አባትሽ።»

«ባለፈው የአጎቴ አልፋ መኪና ስታልፍ ከመስኮት ዘላ የወጣችው ማን ነበረች ታዲያ?»

«እሱማ አጎትሽ ቆንጆ ስለሆነ ነው!»

ተሳሳቁ። ከዚያ ኦታቪያ ድንጋይ አንስታ ውሃው ውስጥ ወረወረች።

«ኧረ ባክሽ አታካብጂ፤» አለች ጃዳ። «አጠገቡ ተቀመጪና በእግርሽ ምቺለት። ዓይናችሁ ታስሯል፣ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባችሁን ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።»

«እና ምን ችግር አለው? አንድ ቀን ነው።» ጃዳ እግሯን ከውሃው አወጣችና በቀሚሷ ጠረገች። «ለነገሩ ሌላውን ቀን እንዴት ነው የሚሆነው? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ትምህርት ቤት ነሽ። ጋራዥ ውስጥ ማን ሊመታለት ነው?»

ጃዳ ይህን ያለችው ለወሬ ያህል ነው፤ ወዲያውም ስለ ጫማ ማውራት ጀመረች። ኦታቪያ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ሲኞራ ኢኔስ ተራራው ላይ፣ ጭስ ከሚተፋ ሞተር አጠገብ ብቻቸውን ቆመው ነበር የታዩዋት።

ቅዳሜ ጠዋት ሎሪስ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣ ሳያያት ተናገረ።

«ነገ በቀኜ ተቀመጪ። ጫማሽ ጫማዬን እንዲነካ አድርገሽ። እንደ አምናው።»

ኦታቪያ ወደ እሱ ዞረች። እንደ አምናው አለ! ለካ ዓመቱን ሙሉ በሆዱ ይዞት ኖሯል።

«አባዬ፣ ሐኪም ጋ ብትሄድስ?»

«ሄጄስ? ጆሮው ላይ ማሽን የሰካ መካኒክ ማን ያምነዋል? ነገ ወንበሩ ላይ ባዶ ሰሌዳ ይዤ ብታይ፣ ሰኞ ይህን በር የሚያንኳኳ አይኖርም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም ነው፣ ኦታ። ሌላ ሀብት የለኝም።» ድምፁ ተሰበረ፤ ኦታቪያ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። «ይህን ዓመት ብቻ። ከርሞ በክብር እተወዋለሁ።»

የእጅ ማድረቂያ ጨርቅ አቀበለችው። አንጀቷን በላት፤ ተናደደችበትም። ሁለቱም ስሜት በአንድ ጊዜ ያዛት።

እሑድ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። የተጠበሰ ሊጥ ይሸታል፤ ሕፃናት ወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ወጥተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ገና መኪና ሳያልፍ መከራከር ጀምረዋል። አምስቱ ተወዳዳሪዎች ቦታቸውን ይዘዋል። ሎሪስ አንደኛው ወንበር ላይ ነው፤ በቀኙ ያለው ወንበር ላይ ቆቡን አስቀምጧል።

«ስድስተኛዋ!» አለ ቫልተር በድምፅ ማጉያ። «የሎሪስ ልጅ!» ጭብጨባው ቀለጠ።

ኦታቪያ ሰሌዳዋን ታቅፋ፣ ያለ ሰሌዳ ያዥ ብቻዋን ሄደች። ቆቡ ያለበት ወንበር ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ሎሪስ ሻሹን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ፈገግ አለላት። ቆቡን አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ በእጁ ሰጠችው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ አልመታልህም፤» አለችው ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እንዲሰማት። «አላፍርብህም፤ ግን አልመታልህም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከባዶው ወንበር ቀጥሎ ያሉትን ሁሉ «ወደዚህ ጠጋ ጠጋ በሉ» ብላ አሸጋሸገቻቸውና መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።  ሻሹን ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከረች።

የመጀመሪያዋ መኪና አለፈች። አሮጌ ፊያት 500 ናት፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር፤ ይህቺንማ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ጻፉ፣ ሁሉም አገኙ። ኦታቪያ የአባቷ ስም ሲጠራ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሁለተኛዋ መጣች። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ያፏጫል፤ አልፋ ናት። ኦታቪያ ጽፋ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከወዲያኛው ጫፍ ግን የጠመኔ ድምፅ አልመጣም። እግሯ በራሱ ሊነሳ ቃጣው፤ ቢነሳም ከዚያ አይደርስም። ከንፈሯን ነከሰች።

«ሰሌዳ!» አለ ቫልተር። አንድ በአንድ እያነበበ መጣ። «አልፋ። አልፋ። ላንቻ፣ አይደለም። አልፋ። የኦታቪያ፣ አልፋ፣ ዘመኑም ልክ።» ለመጨረሻ ያቆየው የአምናው አሸናፊ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። «ሎሪስ... ባዶ።»

 ኦታቪያ ሻሹን ከዓይኗ ገፋችው፤ ከዚህ በላይ ሳታይ መቀመጥ አልቻለችም።

ሎሪስ ተነስቷል። ሻሹን ፈትቶ በመዳፉ ውስጥ ይጨምቀዋል።

«አልሰማኋትም፤» አለ ጮክ ብሎ። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአምናውንም አይብ የወሰድኩት እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ጉልበቴ ላይ እየመታች ስትነግረኝ ነው። እወቁት። እኔ ከውድድሩ ወጥቻለሁ።»

 ከዚያ ከሕዝቡ መሃል፣ ከእህታቸው ዘንድ የተመለሱት የሲኞራ ኢኔስ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ሰው! ሁለት ዓመት ሙሉ እየጮህን የምናናግርህ ለምን መሰለህ? ጉሮሯችን ተሰነጠቀ እኮ!»

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? መንደሩ ሁሉ ያወራው ነገር እሱ ዘንድ ብቻ አልደረሰም ነበር። 

«ታዲያ እያወቃችሁ መኪናችሁን ለምን ታመጣላችሁ?» አለ ሎሪስ።

«ለእጅህ ነዋ! ያለ እጅህማ የት እንሄዳለን!» አለ አንዱ። ሌላው ቀጠለ፣ «በል፣ ጆሮህስ የት ሄደ?»

ሎሪስ ወንበሮቹን በሙሉ አየና እጁን ወደ መጨረሻው ዘረጋ።

«እዚያ ተቀምጣለች።»

ኦታቪያ እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያይባት ሻሹን መልሳ ዓይኗ ላይ አወረደችው።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ቫልተር መዝገቡን እያገላበጠ። «ኑዛዜው ደህና ነው፣ የአምናው አይብ ተበልቷል፣ ምን ይደረጋል። ግን ሎሪስ ከወጣ አምስት ቀሩ። ከስድስት ካነሰ አይካሄድም ይላል። ደንብ ደንብ ነው።»

«ሆ!» አለ ሕዝቡ። ሽማግሌዎቹ ከደንቡ ጋር ተጣሉ። ከዚያ ከግራ በኩል፣ አፉን አይስክሬም የሞላው ሰው ድምፅ መጣ።

«እኔ እቀመጣለሁ!»

ጃዳ ነበረች። ኦታቪያ በሻሿ ሥር አጮልቃ ስታያት፣ ጃዳ አይስክሬሟን ለማታውቀው ሕፃን ሰጥታ አንደኛው ወንበር ላይ ጉብ ብላለች።

«አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አላት ቫልተር።

«ደንቡ ተወዳዳሪው ይወቅ ይላል?»

ቫልተር መዝገቡን አገላበጠ። «አይልም፤» አለ። አደባባዩ እንደገና ሳቀ።

ኦታቪያ ከጎኗ ወንበር ሲጎተት ሰማች። የናፍጣና የሳሙና ሽታ መጣ። አንድ ትልቅ፣ ሻካራ እጅ ሰሌዳዋን ከጭኗ ላይ ወሰደ።

«ሰሌዳ ያዥ የለሽም መሰለኝ፤» አለ ሎሪስ።

«የለኝም።»

«ሰኞ ጋራዡን ግማሽ ቀን እዘጋለሁ። ጆሮ ሐኪም ጋ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ከትምህርት ቤት ስወጣ ከሆነ።»

«ስትወጪ ነው። አሁን አታናግሪኝ፣ ሰሌዳ ያዥ አያወራም።»

ሦስተኛዋ አለፈች። ጃዳ «ቀይ መኪና» ብላ ጻፈች፤ መኪናዋ እውነትም ቀይ ስለነበረች ሕዝቡ ግማሽ ነጥብ ይሰጣት ብሎ ተንጫጫ፣ ቫልተር ግን በእንቢታው ጸና። አራተኛዋ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ነበረች። አምስተኛዋ ላይ ሞተር የሚባል ነገር አልተሰማም፤ ጠጠር ላይ የሚንከባለል ጎማ ብቻ። «ነፋስ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ተወዳዳሪ ተበሳጭቶ። ኦታቪያ አንገቷን አዘንብላ ሰማች። ከጎማው በላይ፣ በጣም ቀጭን፣ የወባ ትንኝ የሚመስል ዜማ አለ። ኤሌክትሪክ ናት። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነች አላወቀችም፤ ይህን ዜማ ገና ማጥናት አለባት። «ኤሌክትሪክ» ብላ ብቻ ጻፈች፤ ሎሪስም እጇን መስመር እያስያዘ መራት።

ስድስተኛዋ ከቦዩ ማዶ ስትነሳ ገና አደባባዩ ዝም አለ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ዝም አሉ። ኦታቪያ ጃዳ እንኳ ትንፋሿን መዋጧን ከዚያ ጫፍ የሰማች መሰላት። ድምፁ ቀረበ፤ ቀጠን ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ አራቱም ሲሊንደር አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የሚከራከሩ ዓይነት። አሮጌ ላንቻ። በልጅነቷ ጉልበቷ ላይ በጣት የተመታላት የመጀመሪያው ምት ይህ ነበር።

አባቷ አጠገቧ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። አይሰማም።

ለመጻፍ አልቸኮለችም። ግራ እጇን ሰደደችና ጉልበቱን አገኘችው። መታችለት፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ መኪናዋ ስትፈጥን እሷም እየፈጠነች፣ እስክትርቅ ድረስ። የሎሪስ ጉልበት መጀመሪያ ደንግጦ ቀጥ አለ። ከዚያ ከጣቷ ሥር አብሯት ይነቃነቅ ጀመር።

ስሙን ያውቀዋል። አልተነፈሰም። ሰሌዳውን አምጥቶ ቀኝ እጇ ሥር አደረገላትና ጠበቃት።

ኦታቪያ ጠመኔውን አነሳች።